በስምህ የተጠራው አይጥ

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት በወጣ ቁጥር የሚይዝህ ደረቅ ሳል ዘንድሮ ማረህ ወይስ እዚያም ድረስ ተከተለህ? ምግቡ ይስማማሃል? የምትተኛበትስ ቦታ ብርድ የለውም? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ማኅሌት ስቆም ነው እንጂ ተቀምጬ ለምጽፈው ደብዳቤ አያስቸግረኝም። እናትህ ሰላም በለው ብላኛለች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ የዐቢይ ጾም መግቢያ ስለሆነ አልዋሽህም። መጻፌን አታውቅም።

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን ጓደኛህ ጌታሁን ወስዶልኛል። ደረሰው ወይ ብዬ በጠየቅሁት ቁጥር መሬት መሬት እያየ ይደርሳል የኔታ፣ ይደርሳል ይለኛል። መልስ ባለመጻፍህ አልተቀየምኩህም፤ ወረቀትና ብዕር በሌለበት ትሆናለህ። የሄድክበትንም ቦታ ስም አልጽፍም፤ ደብዳቤ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም።

ዛሬ ያቻኮለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ምናልባት የአገራችን ሰው መንገድ ላይ ያገኝህና፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ድንኳን ተጥሎ እንደተለቀሰልህ ይነግርህ ይሆናል። እንዳትደነግጥ። ተለቅሶልሃል፤ እሱ እውነት ነው። የሞተው ግን አይጡ ነው። ይህን ጉድ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ከአባትህ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

መቼም ጥፋቱ የሚጀምረው ካንተ ነው፤ አባትህ ስለሆንኩ አልሸፋፍንልህም። በሰኔ ወር ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ከቡሬ በሚኒባስ ያንን የሽቦ ቤት በነጠላ ሸፍነህ ስትመጣ፣ ለጾመ ሐዋርያት መፍቻ ዶሮ ያመጣህልን መስሎኝ እሰይ የኔ ልጅ ብዬ ነበር የተቀበልኩህ። ነጠላውን ብትገልጠው ሁለት ነጫጭ አይጦች ቀይ ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። እናትህ አልጋ ላይ ወጣች። አንተ ግን ፈገግ እንዳልክ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የመኖ ምርምር ሲደረግባቸው እንደነበር፣ ምርምሩ ስላለቀ ሊገደሉ መሆኑን፣ አንጀትህን ስለበሉት ሁለቱን ይዘህ መምጣትህን ነገርከን። ስንት ነበሩ ብልህ ሃያ አራት አልከኝ። ታዲያ ለምን ሁለቱን ብቻ ብልህ፣ አባባ፣ ከሁለት በላይ በአንድ ነጠላ አይሸፈንም አልክና አሳቅከን። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው አልክ።

ከሰው ሁሉ መርጠህ ለእኔ! አንተ ገና ሳትወለድ፣ ቋሪት ገበዘ ማርያም ሳለሁ፣ ሁለት ዓመት አጎንብሼ በእጄ የገለበጥኩትን ጾመ ድጓ ከዘወረደ ጀምረው እስከ ሆሳዕና የጨረሱብኝ አይጦች ናቸው። የዚያን ጊዜ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ፣ አይጦቹ ጾም የሚበሉበት ቤት እያሉ ይሳለቁብኛል። ከዚያ ወዲህ በቤቴ አይጥ በመርዝ እንጂ በስንዴ ተስተናግዶ አያውቅም ነበር።

ሆኖም ልጅ ያመጣው እንግዳ ነውና አስቀመጥናቸው። ጽፈህ የሰጠኸኝን መመሪያ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ውሃቸው በየቀኑ ይቀየር፤ ጥርሳቸው ሳያቋርጥ ስለሚያድግ የሚቆረጥሙት ደረቅ እንጨት አይታጣ፤ ፀሐይ አይምታቸው፤ አንዱ ከሌላው አይለይ ይላል። ጽሕፈትህን ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ድጓ የሚገለብጥ ሰው ልጅ እንዲህ ይሞነጫጭራል ብዬ አፈርኩብህ። በሕግ ርኩስ የተባለ እንስሳ ቤቴ አስገብቼ እንዴት ማኅሌት እቆማለሁ ብዬም ተጨነቅሁ። ለንስሐ አባታችን ለቄስ ቂርቆስ ብነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ቆዩና፣ የኔታ፣ የተከለከለው መብላቱ ነው እንጂ ማብላቱ አይደለም አሉኝ።

እንዲህ ሆነና በስልሳ ሦስት ዓመቴ የአይጥ አሳዳጊ ሆንኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ነበር ውሃቸውን የማስቀምጥላቸው። ገበያ ወርጄ ስንዴ ስመርጥ ሻጯ ለዘር ነው ወይ ትለኛለች፤ አዎን ለዘር ነው እላለሁ። ለአይጥ ነው ብል ማን ይሸጥልኛል? ቤት አምጥቼ ሳፈስላቸው ደግሞ አይበሉትም፤ አንድ በአንድ እያመላለሱ ጥግ ላይ ያከማቹታል። ክረምት ሊመጣ ነው ብሎ የነገራቸው ያለ ይመስል።

አንድ ቀን ደፍሬ አንዱን በባዶ እጄ መዳፌ ላይ ባስቀምጠው ጥርሱን ያፋጭ ጀመር። ዓይኑ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ይላል። ሊነክሰኝ ነው ብዬ ጋቢዬ ላይ ጣልኩት። ጌታሁን አብሮህ ስለተማረ ያውቃልና ብነግረው፣ የኔታ፣ ደስ ብሎት እኮ ነው፣ አይጥ ሲደሰት እንዲያ ነው አለኝ። ጥርሱን እያፋጨ የሚደሰት ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ደግሞ እናትህ ጮኸች፤ ብሄድ በአንዱ ዓይን ሥር ቀይ ነገር ወርዷል። ደም አለቀሰ፣ ልጄ አንድ ነገር ሆኗል ብላ ጠበል ስትረጨው አገኘኋት። ይህንንም ጌታሁን ነው ያስረዳን። ደም አይደለም፤ ሲጨነቁ ወይም ሲታመሙ ከዓይናቸው እንዲህ ያለ ቀይ ፈሳሽ ይወጣል አለ። እናትህ ሰማችውና፣ ሰውም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ የተጨነቀው ይታወቅ ነበር አለች። ጌታሁን ያን ቀን ምሳ አልበላም ብሎ ሄደ።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ። ለመስቀል አንድ ቀን ብቅ አልክ፤ የማላውቀውን ጫማ አድርገህ። እኛን ካቀፍክበት ይልቅ እነሱን ያቀፍክበት ጊዜ ይረዝማል፤ እናትህ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። ከዚያ ሄድክ። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ደወልክ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ አይጦቹ አሉ ወይ አልክ፤ አሉ አልኩህ፤ እናንተስ ስትል ተቋረጠ። ስልክ እንደሆነ አንድ ቀን ይሠራል፣ አሥር ቀን ይጠፋል። እናትህ ስልኩን ከመቀነቷ ፈትታ አታውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከደጅ ስገባ እናትህ ከውስጥ፣ ወልዴ ብላ፣ ወልዴ ጠጣ ስትል ሰማሁ። የመጣህ መስሎኝ ጫማዬን ሳላወልቅ ዘልዬ ገባሁ። አይጡን ነው የምትጠራው! ጅራቱ ላይ ሰባት ቁጥር የጻፍክበትን። በአርባ ቀንህ ክርስትና ስትነሣ ወልደ ዮሐንስ ተብለህ፣ እሷም ከዚያ ጀምሮ ወልዴ እያለች እንደምትጠራህ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተቆጣሁ። አንቺ ሴት፣ በማየ ገቦ የወጣ ስም ለአይጥ ይሰጣል ወይ አልኳት። እሷ ግን ስንዴውን እያጎረሰችው፣ ስሙ ከቤት ከጠፋ እሱም መንገዱ ይጠፋበታል አለችኝ። ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈበትን ዘጠኝ ብላ ተወችው፤ ሌላ ልጅ የለንማ።

ለቄስ ቂርቆስ ከሰስኳት። እሳቸው ተግሣጽ ይሰጧታል ስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱና፣ ትጥራው የኔታ፣ ይተዉአት ትጥራው አሉ። ነገሩ ገረመኝ። እኔም መከልከል ነበረብኝ፤ ዳግም አልከለከልኳትም። እውነቱን ልንገርህና ደጃፍ ተቀምጬ ወልዴ ስትል ስሰማ ልቤ ደስ ይለው ነበር። በዚህ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ሰዉ ደግሞ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ከሰኔ ወዲህ ጨዋ ሆኗል። ድሮ ገበያ ስወርድ ልጁ ደወለ ወይ፣ የት ደረሰ፣ መቼ ይመጣል እያሉ ልብሴን ይዘው ያስቆሙኝ ነበር። አሁን ሰላምታቸው ረዘመ፣ ጥያቄያቸው ጠፋ። እሰይ፣ ሰው አደብ ገዛ አልኩ። ያቺ ጎረቤታችን ያምሮት፣ አይጦቹ ሸተቱኝ ብላ ቀበሌ ልትከሰን የነበረችው፣ የካሮት ልጣጭ በሳህን ይዛ በአጥር በኩል ታቀብላለች። ለወልዴ ስጭልኝ ብላ አንድ ቀን ስሙን ስትጠራ እንባዋ መጣ። ሽንኩርት ስትልጥ ቆይታ ነው ብዬ ገባሁ።

ባለፈው ጥር መጨረሻ ወልዴ ታመመ። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ፤ ስንዴውን ይይዝና መልሶ ይጥለዋል። እንስሳት ሐኪም ዘንድ በካርቶን ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ የኔታ፣ ለበሬም ለአህያም ሞልቶኛል፤ ለዚህኛው ያለኝ መድኃኒት መግደያው ብቻ ነው አለኝ፤ አፍሮ ነው እንጂ ሊያሾፍብኝ አይደለም። እናትህ በነጠላዋ ጠቅልላ ከደረቷ አላወርድም አለች። አንተ መጥተህ የት አለ ስትለኝ ምን እልሃለሁ? ያለኝ ጭንቅ ይኸው ነበር። አንድ አደራ ሰጠኸኝ፤ እሱንም መጠበቅ አቃተኝ።

የካቲት አሥራ አንድ ማክሰኞ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ቤተ ሙከራው ውስጥ መድኃኒት አይጠፋም ብዬ ነው። የክፍሉ ኃላፊ፣ አይጥ ታሞብኝ ነው የመጣሁት ስለው ፊቱን አጨማደደ። የማን አባት እንደሆንኩ ስነግረው ግን ብድግ አለ። ወንበሩን ለቀቀልኝ። መድኃኒቱን በትንሽ ብልቃጥ ሞላልኝ፤ በቀን ሁለቴ ሁለት ጠብታ በውሃ አለኝ፤ ዋጋ ስጠይቀው እንደተሰደበ ሰው ደነገጠ። ሌላ ምን ልርዳዎት ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ጃንጥላዬን ይዞልኝ እስከ ዋናው በር ሸኘኝ። እንዲህ ያለ የተማረ ጨዋ አለ ለካ ስል ተመለስኩ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ሂሳብ ብሰጠው ነጂው እጄን መለሰና፣ እግዜር ያጽናዎት የኔታ አለኝ። ጉልበቴን አይቶ መሰለኝ፣ አሜን አልኩት። ከዚያ ዞር ስል በራችን ላይ ድንኳን አየሁ።

ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ያወርዳሉ። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። የሚያለቅሱት ስምህን እየጠሩ ነው፤ የዓለሙንም የክርስትናውንም። እኔ ቡሬ ስደርስና ስመለስ አንተ ሞተህ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል አልኩ። ብልቃጡ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ደግፈው አስገቡኝ። በድንኳኑ ውስጥ መስተዋት የገባ ትልቅ ፎቶህ ቆሟል። ከጎኑ እናትህ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሁሉም ያለቅሳል፣ እሷ ብቻ አፏን ከፈት አድርጋ ዙሪያዋን ታያለች። ስታየኝ ጆሮዬን ስባ፣ አይጡ ነው፣ አንተ እንደ ወጣህ አይጡ ሞተ፤ ብነግራቸው አልሰማ አሉኝ አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ውሃ ልትቀይር ብትገባ ወልዴ ደርቆ አገኘችው። ክው ብላ፣ ወልዴ! ወልዴ ሞተብኝ! ብላ ጮኸች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸችው። ያምሮት በአጥር ሰማች፤ ጥቁሯን አጣፍታ ደረሰች። ማን ነገረሽ አላለቻትም። አንገቷን አቅፋ ሙሾ አወጣች። ወዲያው የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። እናትህ ኧረ አይጡ ነው፣ ኧረ ልጄ ደህና ነው ስትል ይበልጥ ያቅፏታል፤ አንዷም ምን ማለትሽ ነው ብላ አልጠየቀቻትም።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ሳቄ መጣ። በድንኳን መካከል፣ በለቅሶ ላይ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጄ አልሞተም! ሰዎች ሁለት እጄን ያዙኝ። ልቀቁኝ፣ ደህና ነኝ፣ ስሙኝ አልኩና ተነሥቼ ቆምኩ። ከነጠላው ጀምሬ ነገርኳቸው። እናትህ አልጋ ላይ መውጣቷን፣ የተበላብኝን ጾመ ድጓ፣ የቄስ ቂርቆስን ፍርድ፣ ጥርስ ማፋጨቱን፣ በመጨረሻም አይጥ በክርስትና ስም ሲጠራ መኖሩንና ዛሬ ለሱ ጡሩምባ መነፋቱን አሳምሬ ነገርኳቸው። ታውቀኛለህ፣ ጨዋታ አላበላሽም። ያገራችን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ፤ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝንብ ሰው አፍ ብትገባ ሦስት ቀን ይስቃል።

ማንም አልሳቀም።

አላመኑኝም ብዬ ጓዳ ገብቼ አመጣሁት። በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ከጥምጣሜ በተቀደደ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። ገልጬ አሳየኋቸው። ይኸውላችሁ ወልዴ፣ ይኸውላችሁ ሟቹ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁና መሬት አዩ። ቄስ ቂርቆስ፣ ያ ሁሉ ሳቅ የሚያውቁት ሰው፣ በመስቀላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጌታሁን በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናትህ ያን ጊዜ እኔንም አይጡንም አላየችም። የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ፣ ከዳር እስከ ዳር አየች። ለቅሶዋን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም አላቆመችም።

እኔ ምን ላድርግ? አይጡ ነው እኮ፣ ተይ አልኳት። አንተ የነገርከኝን ሁሉ፣ አይጥ ከሁለት ከሦስት ዓመት በላይ እንደማይኖር፣ ጊዜው ደርሶ መሞቱን አስረዳኋት። ያ ፎቶ ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ በቤታችን የለም፣ አይቼውም አላውቅም። ጌታሁን ነው ያመጣው አሉኝ። እንዲህ አጉልቶና መስተዋት አግብቶ የሚሠራ ፎቶ ቤት እዚህ የለም፤ ባሕር ዳር ልኮ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም መጠበቅ ነው። እናትህ የጮኸችው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ይህን አሰብኩና ሐሳቡን ተውኩት።

ዓርብ ዕለት ድንኳኑ ሲነሣ ቄስ ቂርቆስ ለብቻዬ ጠሩኝ። ፍትሐቱ በየትኛው ቀን ይሁንልዎት አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ፍትሐት ላይ ቆሜ ዜማ ያደረስኩ ሰው ነኝ፤ ምን እንደሚባልና መቼ እንደሚባል እኔ አላጣሁትም። ሬሳ የለ፣ መልእክተኛ የለ፣ በማን ቃል ነው ልጄን ከሕያዋን መዝገብ የማስፍቀው አልኳቸው። ሰው የሚያለቅሰው መርዶ ሲነገረው ነው፤ እኛን ማን አረዳን? ማን መጥቶ ቆመ? አንድ ሰው ስም ይጥሩልኝ አልኩ። ቄስ ቂርቆስ፣ የኔታ፣ እኛ እኮ ብለው ጀመሩ። አይጡን ላበላ ነው ብዬ ጥያቸው ገባሁ። አነጋገሬ ብልግና ነበረበት፤ የንስሐ አባቴ ናቸውና ንስሐ እገባበታለሁ።

ዘጠኝም እንደ ፈራነው ምግብ ትቷል። ብቻውን አይሁን ያልከውን አልዘነጋሁም፤ ግን ሁለተኛ ነጭ አይጥ በየት አገኛለሁ? ቡሬም የቀረ የለም፣ ሁሉም ተገድሏል ብሎኛል ሰውየው። ቀን ቀን ጋቢዬ ውስጥ አስገብቼው አብሬው እቀመጣለሁ። ይህን የምጽፍልህም ጉያዬ ውስጥ አድርጌው ነው። ጥርሱን አያፋጭም። በሁለቱም ዓይኖቹ ሥር ያ ቀዩ ወርዷል፤ ስጠርግለት መልሶ ይወርዳል።

ደብዳቤውን እንደ ወትሮው በጌታሁን እጅ ልልክልህ አስቤ ነበር። አሁን ግን ለሱ ልሰጠው አልቻልኩም፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ከቄስ ቂርቆስ ጋር በተነጋገርን ማግሥት፣ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። በቀዳዳ ባይ አምስት ሰው ናቸው። ቄስ ቂርቆስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ከኋላቸው፣ ያምሮት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጌታሁን ደግሞ ከሁሉም ኋላ። በእጁ ፖስታዎች ይዟል፤ የእኔን ጽሕፈት ከሩቅም አውቀዋለሁ፣ ሦስት ናቸው። እኔ ራሴ ስንት ቤት እንዲህ አድርጌ በማለዳ ቆሜአለሁ፤ አቋቋማቸው አልጠፋኝም። እናትህ ከአልጋዋ ሆና ማነው አለችኝ። ማንም የለም፣ ነፋስ ነው አልኳት። አልከፈትኩም። ፀሐይ እስክትወጣ ቆመው ሄዱ። እሑድም መጡ። ዛሬም መጥተው ነበር። የሚመጡት ስለ አይጡ ሊጠይቁኝ ይሆናል።

ስለዚህ ደብዳቤህ እዚሁ እኔ ዘንድ ይቆያል፤ ወዳንተ የሚሄድ ሰው እስካገኝ ድረስ በብራናዎቹ መካከል አስቀምጬዋለሁ።

ልጄ፣ የአባቶችህ አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። ከክፉ ቀን ይሰውርህ፤ እግርህን ከድንጋይ፣ ዓይንህን ከእሾህ ያድንልህ። ያጠባችህ ጡት፣ ያዘለችህ ጀርባ ትከተልህ። በረከቴ ይደርብህ። አንዲት ነገር ብቻ አደራ ልበልህ፤ ስትመጣ በማለዳ አትምጣ፣ በቀትር ና። በማለዳ ለሚያንኳኳ ሰው በር መክፈት ትቻለሁና፣ አንተም ሆነህ ሳለ ሌላ መስሎኝ ሳልከፍትልህ እንዳልቀር እፈራለሁ።

አባትህ